አዋጁ እስኪሻር

መርሳ ላይ አውቶቡስ ሲቆም መጀመሪያ የሚወርደው የራበው ሰው ነው። ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይነግረውም፤ እግሩ ራሱ ሙሉወርቅ ቤት ያደርሰዋል። ቅቅሏ እጅ ያስቆረጥማል፤ ምላሷም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ሹፌርም ሆነ ረዳት፣ የመንግሥት ሰውም ሆነ ከግራና ማንጎ የሚያመጣ ነጋዴ፣ እጁን ሳይታጠብ ከተቀመጠ አለቀለት። "ተነስ እንጂ! ሳሙና ትነክሳለች ያለህ ማነው?" ትለዋለች፤ ሰውየውም እያፈረ ተነስቶ ይታጠባል።

ይህች ሴት ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ እስኪቀራት ድረስ ሕግ የሚባለውን ነገር ፊት ለፊት አይታው አታውቅም ነበር። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ያስታርቀዋል፣ ግብር ሲመጣ ይከፈላል፣ በቃ። ሬዲዮው "አዋጅ ቁጥር" ብሎ ከጀመረ ጣቢያ ቀይራ አምባሰል ትፈልጋለች። በኋላ ግን አዋጁ ራሱ ደጇ ድረስ መጣና የልጇን ባል ይዞባት ሄደ።

ልጇ ምሕረት ያገባችው ፀጋይን ነው። ፀጋይ የቆቦ ልጅ ነው፤ እናትና አባቱ ከትግራይ መጥተው ቆቦ ላይ ሱቅ ከፍተው ነው የወለዱት። አይሱዙ ይነዳል። ዝምተኛ ነው፤ ከሙሉወርቅ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ዝምተኛ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። በነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያን ይዞ መርሳ ሲገባ፣ የትግራይ ታጣቂዎች የሙሉወርቅን ፍሪጅና ወንበር፣ የበርበሬ ከረጢቷን ሳይቀር ጭነው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ትግርኛ ስትሰማ ሆዷ ይቃጠላል፤ አትደብቀውም። ፀጋይ ግን በዚያው ቋንቋ ለምኖ የጎረቤታቸውን የሼህ አብዱልሐሊምን ወፍጮ ከመነቀል አስጥሏል። "ወላሂ፣ ይህ ልጅ ባይኖር ዛሬ እህላችንን በድንጋይ ነበር የምንፈጨው" ይሉ ነበር ሼሁ ላገኙት ሁሉ።

በታኅሣሥ የመንግሥት ጦር ተመልሶ ገባ። ከተማው እልል አለ፤ ሙሉወርቅም ጉሮሮዋ እስኪዘጋ እልል አለች። በሳምንቱ ፀጋይን ወሰዱት። ከታጣቂዎች ጋር ሲያወራ ታይቷል ተባለ። አዎ፣ አውርቷል! ወፍጮውን ተዉልን ሲል ነዋ ያወራው! ግን ለማን ይነገራል? የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው ተባለና ጣቢያ ገባ፤ ፍርድ ቤት የለ፣ ክስ የለ።

ሙሉወርቅ ስንቅ ይዛ በየቀኑ ትመላለስ ጀመር። የጣቢያው ኃላፊ ኢንስፔክተር ገበየሁ የሐብሩ ገጠር ልጅ ነው፤ አክብሮት ያውቃል። አንድ ቀን ሳህኑን ሲቀበላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ ሙሉ፣ እኔ በልጁ ላይ ያገኘሁት ነገር የለም። ግን አዋጁ እስካለ ልልቀቀው ብል አልችልም፤ አንቱም አይድከሙ" አላት። ከዚህ ሁሉ ቃል ውስጥ ሙሉወርቅ ይዛ የሄደችው "አዋጁ እስካለ" የሚለውን ብቻ ነው።

በጥር አንድ ምሽት ወጥ እያማሰለች ሳለ በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ ተናገረ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተሰብስቦ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከጊዜው በፊት እንዲነሳ መወሰኑን አበሰረ። ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። እልልታዋን ስትለቀው ሰፈሩ ሌላ ጦርነት የመጣ መስሎት ግልብጥ ብሎ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሙሉወርቅ የተሳሳተችው፤ ደግሞም ወሎዬ ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ነው የተሳሳተችው። በእኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመካክሮ፣ "ይህ ነገር እዚህ ላይ ይብቃ" ካለ፣ ዱዓ ተደርጎ አሚን ከተባለ፣ ነገሩ እዚያው ሞቷል። ማንም ተነስቶ "ቆይ፣ ሌላ ሸንጎ ይየው" አይልም፤ ቢል ነውር ነው። ሚኒስትሮቹ ደግሞ ለእሷ የአገሪቱ ትልልቅ ሽማግሌዎች ናቸው። ተቀመጡ፣ ይብቃ አሉ። ታዲያ ምን ቀረ? ልጁን ሄዶ መቀበል ነዋ!

በማግስቱ ድፎ ዳቦ አስጋገረች። ሼህ አብዱልሐሊም ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከፊት፣ የማርያም ቄስ ከጎን፣ ከኋላ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ፓፓያ ሻጩ፣ በጠቅላላ የመናኸሪያው ግማሽ እየጨፈረ ወደ ጣቢያው ወረደ። ኢንስፔክተር ገበየሁ በሩ ላይ ሲወጣ ፊቱ ልውጥ ብሏል። "እትዬ ሙሉ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"አዋጁ አለቀ! ልጄን አምጣልኝ!"

"አላለቀም፤ ገና ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል ነው የተባለው።"

"ተወሰነ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! አንተ ከሚኒስትር ትበልጣለህ?"

ሼሁ ክርኗን ነካ አደረጉና፣ "ሙሉዬ፣ አበሽሪ፣ አይዞሽ፣ እንመለስ" አሏት። ተመለሱ። ዳቦውን መንገድ ላይ ለልጆች አከፋፈለችው፤ ከዚያን ቀን የበለጠ ያፈረችበት ቀን የለም።

ማፈሩስ ያልፋል። የከፋው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሰው ጣቢያው በር ላይ ሲጨፍር ከበላይ የመጣ አንድ ሹም በመኪና ሲያልፍ አይቶታል። ነገሩ ሲብላላ ከርሞ ትእዛዝ መጣ፤ በአዋጁ የተያዙት ሁሉ ሰኞ ተጭነው ሩቅ ወዳለ ማቆያ ይሂዱ። ሩቅ የት? አይነገርም። ስንቅ የማይደርስበት፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የማይታወቅበት ቦታ ነው አሉ። ምሕረት ይህን ስትሰማ እናቷን ትኩር ብላ አየቻትና፣ "እማዬ፣ ምን አደረግሽ?" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ሙሉወርቅ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። ሲሪንቃ ኬላ ላይ ወርዳ ተፈተሸች፤ ወልዲያ ስትደርስ በቀጥታ አቶ ሞገስ ጋ ሄደች። አቶ ሞገስ ጠበቃ ናቸው፤ በሰላሙ ጊዜ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ መርሳ በወረዱ ቁጥር የእሷን ቅቅል ሳይቀምሱ አይመለሱም ነበር። ቢሯቸው ስትገባ ክው አለች። መደርደሪያው ባዶ ነው።

"መጻሕፍቱን ምን በላቸው?"

"ታጣቂዎቹ ሻይ አፈሉባቸው" አሉ አቶ ሞገስ። "ነጋሪት ጋዜጣው ሁሉ አመድ ሆነ። ደግነቱ ስልኬ ውስጥ ያለው አልነደደም። ቁጭ በይ፤ ምን ሆነሻል?"

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የዳቦውንም ሳትደብቅ። አቶ ሞገስ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ፊቷን አይተው ዋጡት። ከዚያ ስልካቸውን ከፍተው አዋጁን አወጡና ለራሷ ሰጧት። "አንብቢው። እኔ ካነበብኩልሽ የእኔ ቃል ይሆንብሻል።"

መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የአንዳንዱ ቃል አንገት ከእግሩ አልገጥምላት አለ። አቶ ሞገስ ግን አልቸኮሉም። "ሕግ ስትሰሚ መጀመሪያ 'ማን ነው ያለው?' በይ" አሏት። "ቀጥለሽ 'አሁን የት ደርሷል?' በይ። ይህን አዋጅ ያወጁት ሚኒስትሮቹ ናቸው፣ እውነት ነው። ግን በራሱ አልቆመም፤ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ፣ ተከራክረውበት፣ እጅ አውጥተው አጸደቁት። ስድስት ወር ብለው ጊዜም ሰጡት። አሁን ሚኒስትሮቹ ከጊዜው በፊት ይነሳ ብለዋል። ይህ የእነሱ ሐሳብ ነው። ተወካዮቹ ደግሞ ተቀምጠው እጅ እስኪያወጡ ድረስ አዋጁ ሕያው ነው።"

ሙሉወርቅ ጥቂት አሰበች። "እንዲያ ከሆነማ ሽማግሌ ተልኳል፣ ልጅቷን ግን ገና አልሰጡም በሉኛ!"

"ልክ ነሽ።"

"እኔ ደግሞ ሙሽራ ልቀበል ሄጄ!" ራሷን ያዘች። ከዚያ ከሳቁ እንባው ቀደማት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ገባት፤ የገባት ዕለት ደግሞ ጊዜው አልቋል። "እንግዲህ ምን ላድርግ? ሰኞ ሊወስዱት ነው።"

"ኢንስፔክተሩን ልጁን ልቀቅ አትበይው፤ አይችልም። የሚችለውን ለምኚው። ምክር ቤቱ እስኪወስን እዚህ ይቆይልኝ በይው። ለዚያ ግን ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበትን ቀን ማወቅ አለብሽ።"

"እሱን ማን ያውቃል?"

"የመረጥሽው ሰው ያውቃላ።"

እውነትም! በምርጫው ሰሞን የአካባቢው ዕጩ ከነተከታዮቹ ቤቷ ቅቅል በልቶ፣ "ምንም ነገር ቢኖር ደውሉልኝ" ብሎ ስልክ ቁጥሩን አስይዟት ነበር። ደወለች። ብዙ ከጠራ በኋላ አነሳው። ማን እንደሆነች ስትነግረው ቅቅሉን አስታወሰ እንጂ ስሟን አላስታወሰም፤ ይሁን።

"ጉዳዩ ማክሰኞ ይቀርባል" አላት ተወካዩ። "ግን እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔ ራሴ አልቆረጥኩም። ሕዝባችን ያየውን አይተዋል። ስጋቱ ገና አልጠፋም።"

ሙሉወርቅ ስልኩን ጨበጥ አደረገች። "የኔ ጌታ፣ ያየው ሕዝብ እኔ ነኝ። ቤቴን ጠርገው ሲወስዱት ቆሜ አይቻለሁ። የዘረፈኝ ተይዞ ፍርድ ቤት ይቅረብ፤ በእግሬ ሄጄ እመሰክርበታለሁ። የኔ አማች ግን ጥፋት አልተገኘበትም፣ ክስ የለውም። እንዲህ ያለውን ሰው ልጄ በምን ሕግ ትጠብቀው? ማክሰኞ እዚያ ስትቀመጥ ይህን ጠይቅልኝ።"

"ሰምቻለሁ" አለ ሰውየው። ከዚያ በላይ ቃል አልሰጣትም፤ እሷም አልለመነችውም።

መርሳ ተመልሳ ኢንስፔክተር ገበየሁ ፊት ስትቆም ብቻዋን ነበረች። ድምፅዋም ዝቅ ብሏል፤ ጥበቃው ራሱ አሟታል እንዴ ብሎ ነበር። "ልቀቀው አልልህም" አለችው። "አሁን ገብቶኛል። ሥልጣኑ የተወካዮች ነው፤ እነሱ ማክሰኞ ይቀመጣሉ። የምለምንህ እስከ ማክሰኞ እዚህ እንዲቆይልኝ ብቻ ነው።"

ገበየሁ አንገቱን አከከ። "ማክሰኞ ነው አሉ? እርግጠኛ ነዎት?"

"ከተወካዩ አፍ።"

"እትዬ፣ ትእዛዙ ሰኞ ነው፤ ቀን መቀየር የኔ አይደለም።" ወደ ግቢው አየ። ጥግ ላይ የተቃጠለች የጣቢያው ፒካፕ ቆማለች። "ችግሩ እኛም መኪና የለንም። ሰኞ ጠዋት ከከተማው መከራየቴ ነው። አንቱ ከሹፌሮች ጋር ስለሚውሉ፣ መኪና እንደምፈልግ ይንገሩልኝ።" ይህን ሲል አላያትም።

"እነግርልሃለሁ" አለች ሙሉወርቅ።

ነገረቻቸዋ! ሰኞ ጠዋት መርሳ ያለ መኪና በሙሉ ታመመ። የአንዱ ባትሪ ሞቷል፤ የሌላው ናፍጣ ፓምፕ አስቸግሯል፤ አንዱ ሹፌር ወገቡን ይዞ ከአልጋ አልነሳም አለ። መካኒኩ ጌትነት ከንጋት ጀምሮ የጤነኛ አይሱዙ ጎማ እያወለቀ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጥ ዋለ፤ ኢንስፔክተሩ ሲመጣ በግራሶ በተለወሰ እጁ ግንባሩን እየጠረገ፣ "ምን ላድርግ ጌታዬ፣ መለዋወጫ የለም" ይለዋል። ገበየሁም በየደጁ እየዞረ ጠየቀ፣ አንድም አልዘለለም። ከዚያ ስልክ ደውሎ፣ "በከተማው መኪና አልተገኘም" ብሎ ለበላዮቹ አሳወቀ። ውሸት አልተናገረም። ረቡዕ ከሌላ ቦታ መኪና እንልካለን አሉት።

ማክሰኞ ማልዶ ሙሉወርቅ ቤት መቆሚያ ጠፋ። መብራት የለም። ጌትነት፣ ትናንት ሞተ የተባለውን ባትሪ ከአይሱዙው ፈትቶ አመጣና ሼህ አብዱልሐሊም ጭድ ውስጥ ደብቀው ያተረፉትን ቴሌቪዥን አስነሳበት። "አይ ሬሳ!" አለ አንዱ ረዳት ባትሪውን እያየ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ምክር ቤቱ ሲከፈት ግን ሳቁ ቆመ። የውሳኔው ሐሳብ ተነበበ። አንድ ተወካይ ተነስተው፣ አደጋው አላለፈም፣ ሕዝቡ ዋስትና ይፈልጋል፣ አዋጁ ለምን ይነሳል ብለው አጥብቀው ተናገሩ። ቤት ውስጥ፣ "እውነታቸውን ነው" ያለ ሰው ነበር። ሙሉወርቅም በልቧ እውነታቸውን ነው አለች፤ ፍሪጇን የተነጠቀች ሴት ሆዷ እንዴት ሌላ ይላል? ጎኗ ተቀምጣ ከንፈሯን የምትነክሰውን ምሕረትን ስታይ ደግሞ፣ ይነሳ እንጂ አለች። ሌላ ተወካይ ተነስተው፣ ለቀረው ስጋት መደበኛው ሕግ ይበቃል አሉ። ሌላም ተቃወመ፣ ሌላም ደገፈ። ሕግ እንዲህ ሲወጣና ሲሻር አይታ አታውቅም። ሰዎች ናቸው፣ እንደ እሷ የሚፈሩና የሚሳሳቱ፤ ይህን ማየቷ እንደማጽናናትም እንደማስፈራትም አደረጋት።

ድምፅ ተሰጠ። የሚደግፉ እጅ ሲያወጡ እሷ ያንን ቅቅል በላተኛ ብትፈልገው አላገኘችውም፤ ካሜራው ቶሎ አለፈ። የሚቃወሙም ነበሩ፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉም። አፈ ጉባኤው፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል አሉ።

ቤቱ በሙሉ ዞሮ ሙሉወርቅን አየ። እልልታዋን እየጠበቀ ነው። እሷ ግን እጇን ዘረጋች። "ቆዩ! ማንም ትንፍሽ እንዳይል!" ስልኳን አንስታ ወልዲያ ደወለች። "አቶ ሞገስ፣ ጸደቀ አሉ። ከዚህ ወዲያ የሚሄድበት ሌላ ቤት አለው?"

"የለውም፣ ሙሉወርቅ። አሁን ተሽሯል።"

"ማሉልኝ!"

"በማርያም።"

ያን ጊዜ ለቀቀችው። አቤት እልልታ! ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ጌትነት ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ደጅ የቆመ አውቶቡስ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጡሩንባውን ነፋ። ምሕረት ብቻ አልተንቀሳቀሰችም። እናቷ ሄዳ አቀፈቻት፤ ልጅቷም እናቷ አንገት ላይ ተደፍታ፣ "አመሰግናለሁ፣ እማዬ" አለች። ሙሉወርቅ እፎይ አለች። ያቺ "ምን አደረግሽ?" እስከዚያች ደቂቃ ደረቷ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ወደ ጣቢያው ሁለቱ ብቻ ሄዱ። ገበየሁ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሞ ነው የጠበቃቸው። ክስ የሌለውን ሰው ከዛሬ ጀምሮ በምን እይዛለሁ እያለ ይጠይቃል፤ ወዲያ ያለው ሰው እናጣራለን ይለዋል። ያን ቀን አልተለቀቀም። ረቡዕ ጠዋት ተመልሰው ጣቢያው በር ላይ ሲጠብቁ የተባለው መኪና እውነትም መጥቶ ቆመ፤ እናትና ልጅ ተያያዙ። ትንሽ ቆይቶ ገበየሁ፣ የተያዙት ይለቀቁ የሚል መልስ በስልክ ደርሶት፣ ወጣና ሹፌሩን አነጋገረው። መኪናው ዞሮ ባዶውን ሄደ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ራሱ በሩን ከፍቶ ፀጋይን አወጣው። "እኔንም ገላገልከኝ፣ ወንድሜ" አለው።

ፀጋይ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ሚስቱን አቅፎ ብዙ ቆየ። ቤት ደርሰው፣ ሰው ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃህ ብሎ ጨብጦት፣ ቅቅሉ ፊቱ ሲቀርብ ብቻ ቀና ብሎ አማቱን አያት።

"እማ፣ ተመልሶ ይታወጅ ይሆን?"

ሙሉወርቅ ሌላ ጊዜ ቢሆን "አፍህን ቁርጥ ያድርገው!" ትል ነበር። ዛሬ ልትዋሸው አልፈለገችም። ጎኑ ተቀመጠች። "ሊታወጅ ይችላል፣ ልጄ። ሰው ነው የሚያወጣው፣ ሰው ደግሞ ይፈራል። ግን ዘንድሮ አዋጅ የሚያልፍበትን በር አይቼዋለሁ። ከመጣ በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቀው።"

ፀጋይ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ጉርሻ ጎረሰ። ሦስተኛውን እጁ ላይ እንደያዘ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ደጅ የደሴ አውቶቡስ ቆሞ ረዳቶቹ ይጯጯሃሉ። ሙሉወርቅ ቀስ ብላ ጉርሻውን ከእጁ ወሰደችና በሩ ላይ ወጣች።

"ዝም በሉ" አለች በሹክሹክታ። "ልጄ ቤቱ ተኝቷል።"